ከሐዋሳ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ሚስዮናዊ የዕለት ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን (ብዙ ሰው «ሞርሞን» በሚለው ስም የሚያውቃት) አባል ለሆኑና ለሚስዮን አገልግሎት ለሚዘጋጁ የሐዋሳና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ ከእነሱም ይልቅ ለእናትና ለአባቶቻቸው የተዘጋጀ ነው። ስለ ስብከቱ የሚነግራቸው ሰው አያጡም። ስለ ሸሚዝ እጥበት፣ ስለ ሽሮ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ስለ ማደር ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። ልጁን ውጭ አገር የሚያደክመውም አብዛኛውን ጊዜ ስብከቱ ሳይሆን ይኸኛው የቤት ጣጣ ነው። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ የበዛው የቤት ነገር ነው።

አገልግሎቱ ስንት ጊዜ ነው? በስንት ዓመት ይጀመራል?

ለወንዶች 24 ወር፣ ለሴቶች 18 ወር። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ዕድሜ ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ዝቅ ተደርጓል። ወጣት ወንዶች ማመልከት የሚችሉት እስከ 25 ዓመታቸው ነው። የሴቶቹ ዕድሜ ከዚያ ወዲህም ስለተቀየረ፣ እህቶች ከማመልከታቸው በፊት የቅርንጫፍ ፕሬዚዳንታቸውን (የአጥቢያቸውን ምእመናን የሚመራውን ሰው) ይጠይቁ። አዲስ የተጠመቀ ሰው ደግሞ አባል ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሊሞላው ይገባል።

የሚሄድበትን አገር ራሱ ይመርጣል?

አይመርጥም። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ የሐኪምና የጥርስ ሐኪም ምርመራ ይያያዛል፤ በመጀመሪያ የቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱ፣ ቀጥሎ ከእሱ በላይ ያለው መሪ ለየብቻ ያነጋግሩታል። ምደባውን የሚወስኑት ከቤተክርስቲያኒቱ ሐዋርያት አንዱ ናቸው። ጥሪው በኢሜይል ይደርሳል። ጎረቤት አገር ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ማዶም ሊሆን ይችላል፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም ሊመደብ ይችላል። ዘመድ ያለበት አገር እንዲሆን ብላችሁ ሰው ለማነጋገር አትድከሙ፤ የሚሰማ የለም።

በወረቀት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር፦ የልደት ቀንና የስም ፊደል።

ከቀኑ እንጀምር። ሐምሌ 5 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው ጁላይ 12 ቀን 2007 ነው። «1999» የሚለው ሳይቀየር እንዳለ ከተሞላ ልጁ በወረቀት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ ከ25 ዓመቱ ገደብ አልፎ ማመልከቻው ሊቆም ይችላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን በጣት ቆጥሮ መሙላት ሳይሆን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን አንድ ላይ መለወጥ ያስፈልጋል። የወሳኝ ኩነት የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርቱ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ማመልከቻው፦ አራቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አስተያዩ።

ስሙም እንደዚያው ነው። «ፀጋዬ» በእንግሊዝኛ ፊደል በትንሹ አራት ዓይነት ይጻፋል። ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት፣ ቀበሌ ሌላ ዓይነት፣ ኢሚግሬሽን ሦስተኛ ዓይነት ከጻፈው፣ የቪዛው ሰዓት ሲደርስ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ዋናው ፓስፖርቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ጋር ይስተካከል። ፓስፖርት ያላወጣ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱን ያስተካክል፤ ስህተቱ ፓስፖርት ላይ ከወጣ በኋላ ማረም ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል።

የቢጫ ወባ ክትባትን ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀሩ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እንደ ጋና ያሉ አገሮች ያለ ካርዱ አያስገቡም። አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጧት፣ ፎቶዋንም አንስታችሁ ያዙ።

የ18 ዓመት ልጅ ለምን «ሽማግሌ» ይባላል?

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲባል ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ምርኩዝ ይዞ ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣው ወይም የተጣላ የሚያስታርቀው ነው። ዘመድ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እዚህ ግን የክህነት ማዕረግ ስም ነው፤ ብዙዎቹ በአፋቸው «ኤልደር» ይሉታል። ሴቷ «እህት» ትባላለች።

የሚከተለው ስም የራሱ ስም ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው ነው፤ ለእኛ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአያት ስም ይሆናል። ጥቁሯ የደረት መለያ ላይም የሚጻፈው እሱ ነው። ስለዚህ ሰላማዊት ደሳለኝ ገብሬ የተባለች ልጅ 18 ወር ሙሉ «እህት ገብሬ» እየተባለች ትኖራለች። መጀመሪያ ላይ ሲጠሯት ዞር ላትል ትችላለች፤ ይለመዳል። እናንተም ዕቃ ስትልኩ ፖስታው ላይ የቤት ስሟን ብቻ አትጻፉ፤ የሚያውቃት ላይኖር ይችላል።

አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስላል?

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንጽፈዋለን። የሚስዮን ፕሬዚዳንቱ (በዚያ አካባቢ ያሉትን ሚስዮናውያን ሁሉ የሚመራው ሰው) እንደ አገሩ ጠባይ ያስተካክለዋል፤ የተለመደው ግን ይህ ነው።

ከጠዋቱ 12:30 ከአልጋ መውረድ። ጸሎት፣ ከዚያ ለ30 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ። 1 ሰዓት ላይ መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስ። 2 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት የግል የቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት፣ 3 ሰዓት ላይ ከባልደረባ (አብሮት ከሚኖረውና ከሚሠራው ሚስዮናዊ) ጋር ጥናት። ቋንቋ የሚማሩት ለሱ ተጨማሪ ጊዜ አላቸው። ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ከቤት ይወጣሉ። ለምሳና ለራት አንዳንድ ሰዓት ይፈቀዳል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብተው የነገን ያቅዳሉ፤ 4:30 ላይ መብራት ይጠፋል።

ውጭ ያሉበት ሰዓት በምን ያልቃል? በእግር በመሄድ፣ መንገድ ላይ ሰው በማነጋገር፣ በር በማንኳኳት፣ አባላትን በመጠየቅ፣ ሊማሩ የፈለጉትን በማስተማር፣ በስልክ መልእክት በመጻጻፍ፣ ለተቸገረ ሰው ጉልበት በማዋጣት። ቀጠሮ ይፈርሳል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ልምድ ያለው ሚስዮናዊ በአንድ ቀን የሚይዛቸውን ቀጠሮዎች በአንድ ሰፈር ይሰበስባቸዋል፤ ለእያንዳንዱም «ይህ ሰው ባይገኝ እዚያው አጠገብ ማንን እናያለን?» የሚል ሁለት ስም ይጽፋል። ይህን ያላደረገ፣ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይመሻል። በሐዋሳ ቋንቋ፣ አሮጌው ገበያ ያለውን ቀጠሮ ጨርሶ ታቦር ስር ሄዶ ተመልሶ ፒያሳ መምጣት ማለት ነው።

የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱ ያሳስታል። ሰው «በ3 ሰዓት» ሲለው የእኛ ልጅ ጆሮ የሚሰማው ጠዋትን ነው፤ የተባለው ግን የእኛ 9 ሰዓት ነው። ከመሄዱ ሦስት ወር በፊት ስልኩንና የእጅ ሰዓቱን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይቀይርና በልቡ መተርጎም እስኪተው ድረስ ይለማመድ። በዚያው ሦስት ወር 12:30 መነሳትንም ይጀምር። በእናቱ ቅስቀሳ የሚነሳ ልጅ እዚያ ሄዶ በአንድ ቀን አይለወጥም።

ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው ማለት ነው? ብቻውን የሚሆነው መቼ ነው?

መታጠቢያ ቤት ሲገባና ከመሪው ጋር ለብቻ ሲነጋገር። ከዚያ ውጭ ደንቡ ባልደረባህን ማየትና መስማት የምትችልበት ቦታ ሁን ይላል። አንድ ክፍል ያድራሉ፤ አልጋ ግን ለየብቻ ነው።

ባልደረባውን አይመርጥም። ከጋና፣ ከኮንጎ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ሊሆን ይችላል። በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ባልደረባው ይቀየራል፣ ወይ እሱ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ወይ ሁለቱም ባሉበት ይቀጥላሉ። አዲስ የመጣ ሚስዮናዊ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዝውውሮች፣ ማለት ለ12 ሳምንት፣ ከአሰልጣኝ ጋር ይመደባል።

ጠቡ የሚነሳው ከትልቅ ነገር አይደለም። ሳህን ሳይታጠብ ማደር፣ የስልክ ድምፅ፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት፣ ሳይጠይቁ የሌላውን ምግብ መብላት። በተለይ የመጨረሻው ለእኛ ልጆች ከባድ ነው። እዚህ አብሮ የሚኖር ሰው ፊት ለብቻ መብላት ነውር ነው፤ ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ጉርሻም ይኖራል። ብዙ ሰዎች ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን እርጎ እንደ ኪስ ገንዘብ ነው የሚያዩት፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ይህን ቀድሞ ያወቀ «ንፉግ ነው» ብሎ አይቀየምም፣ ራሱም «ሌባ» አይባልም።

ሌላው የእኛ ድካም ዝምታ ነው። ይሉኝታ ይዞን ሳንናገር እንቆያለን፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ሁሉም በአንድ ቀን ይፈነዳል። ለዚህ መላ ተዘጋጅቶለታል፦ ሁለቱ በሳምንቱ ዕቅድ መጨረሻ ተቀምጠው እርስ በርስ ይገማገማሉ። «ምን ጥሩ ሆነ? ምን ላስተካክል?» ይባባላሉ። ልጁ ያን ጊዜ «ምንም የለም» ብሎ ማለፍ የለበትም። አንድ ነገር ይናገር፣ ትንሽም ብትሆን፦ «መብራቱን ከ4:30 በኋላ ስታበራ እንቅልፍ አጣለሁ» ማለት በቂ ነው። ካልተፈታ የዲስትሪክት መሪ አለ፣ የዞን መሪ አለ (ሁለቱም የአካባቢውን ሚስዮናውያን የሚያስተባብሩ ሚስዮናውያን ናቸው)፣ የሚስዮን ፕሬዚዳንቱም አሉ። በየሳምንቱ ለፕሬዚዳንቱ የሚጽፈው ደብዳቤ በቀጥታ ለእሳቸው ነው የሚደርሰው።

ማን ያበስልለታል?

ራሱ። አባላት ለምሳ ወይም ለራት የሚጋብዙባቸው ቦታዎች አሉ፤ በሱ ላይ ተማምኖ መሄድ ግን አይቻልም። እናቶች ሆይ፣ ወንዱንም ሴቷንም እኩል አስተምሩ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ያለ እርዳታ ሊሠራቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ፦ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ የአትክልት ወጥ፣ ሽሮ።

ሩዝን ስንመክር ምክንያት አለን። የትም አገር ይገኛል፣ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው። ሁለት ሰው በቀን አንዴ ቢበላ 200 ግራም ያህል ደረቅ ሩዝ ይበቃል፤ በወር 6 ኪሎ ግድም ማለት ነው።

ሽሮ ለሁለት ሰው፦ አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍና በትንሽ ውሃ ይብሰል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመር፤ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይፍላ። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ አምስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል። አንዴ ከተደፋ ይጓጉላል። 15 ደቂቃ ይንተክተክ።

ሁለት ነገር ያስታውስ። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ለደቂቃዎች እንደጋለ ይቆያል፤ ድስቱን ማንሳት እንጂ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሽሮው ከስር ያርራል። ሁለተኛ፣ ቁሌትና በርበሬ የሚያወጣው ጭስ ጣሪያ ላይ ያለውን የእሳት ማስጠንቀቂያ ያስጮኸዋል። በአንዳንድ አፓርታማ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል። በርበሬው በደረቁ አይቁላላ፤ መስኮት ይከፈት፣ ክዳን ይደረግ፣ ውሃ ጠብ እያለ ይብሰል። ማስጠንቀቂያውን ነቅሎ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ምን ስንቅ እንስጠው?

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ፣ በሶ። ደረቅ፣ የታሸገ፣ በላዩ ላይ ምን እንደሆነ የተጻፈበት። በመንታ ፕላስቲክ ይጠቅለል፤ በርበሬ ነጭ ሸሚዝ ላይ ከተደፋ አይለቅም።

የማይሄደው ደግሞ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ ነው። አሜሪካ ሥጋ ነክ ነገር አያስገባም፤ እንግሊዝም ከእኛ አገር የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ አይፈቅድም። አያት ሌሊቱን ስትለፋበት ያደረችው ጭኮ ጉምሩክ ላይ ሲጣል ልጁም ያዝናል፣ እሷም ትሰማለች። ጭኮውን ከመሄዱ በፊት እዚሁ ይብላው። ምግብ የያዘ ልጅ የጉምሩክ ፎርም ላይ «ምግብ ይዘሃል?» ሲባል «አዎ» ይበል፤ ዝም ብሎ ማለፍ በቅጣት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ቡናስ?

አይጠጣም። ቡና፣ ሻይ ቅጠል፣ አልኮልና ትምባሆ ለአባል ሁሉ የተከለከሉ ናቸው፤ ሚስዮናዊ ስለሆነ የተጨመረ ሕግ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ቤት ቢጋበዝ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ «አንድ ስኒ» ይባላል። ሳይጎረብጥ እንቢ የሚባልበት መንገድ አለ፦ ቡናው ከመቆላቱ በፊት ቀድሞ መናገር፣ ፈንዲሻውን መብላት፣ እስከ በረካ ቁጭ ብሎ መጫወት። ስኒው ከተቀዳ በኋላ መመለስ ነው ባለቤቷን የሚያስከፋት።

ጾምን በተመለከተ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ዘወትር በመጀመሪያው እሑድ፣ ለ24 ሰዓት ያህል ከምግብም ከውሃም ይጾማል። የሥጋና የወተት ጾም የለም። በዓቢይ ጾም ዶሮ በላ ብላችሁ አትደንግጡ።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ሚስዮናዊ ደሞዝ የለውም። እንደ አሜሪካና አውሮፓ ካሉ አገሮች የሚሄዱት ወይም ቤተሰባቸው ከሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣሉ። ከእኛ የሚጠበቀው እንደ አቅም ነው፤ ከቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱ ጋር ተቀምጦ ይወሰናል፣ የጎደለውን የቤተክርስቲያኒቱ የሚስዮናውያን ገንዘብ ይሞላል። ቤተሰብ አቅሜ አይፈቅድም ብሎ ልጁን ማስቀረት የለበትም፤ አቅም እያለውም ሁሉን ለሌላ መተው የለበትም። ፓስፖርት፣ ልብስና ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ናቸው።

እዚያ ሲደርስ በየወሩ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለሳሙና የሚሆን ገንዘብ በካርድ ይገባለታል። የሚያልቅበት ልጅ ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት ውጭ በላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ ብቻ ቀረው። መድኃኒቱ ገንዘቡ በገባ ቀን ሩዝ፣ ዘይት፣ ምስር፣ እንቁላልና የወሩን ትራንስፖርት ቀድሞ መግዛት፣ የቀረውን ለአራት መክፈል ነው። የእኛ ባንክ ተራ የኤቲኤም ካርድ ውጭ አገር ላይሠራ ስለሚችል በሱ አይተማመን።

ምን ልብስ ያስፈልጋል? ሐዋሳ ማሰፋት ይሻላል ወይስ እዚያ መግዛት?

ከጥሪው ጋር የሚመጣ ዝርዝር አለ፤ እንደ አገሩ አየር ይለያያል፣ እሱን ተከተሉ። ለወንድ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት ነው መሠረቱ፤ በአንዳንድ ሚስዮን ፈዛዛ ሰማያዊ ሸሚዝም ይፈቀዳል። ሴቶች ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከቀሚስ ሌላ ሱሪ መልበስ ተፈቅዶላቸዋል፤ በብርድና በብስክሌት ትልቅ እረፍት ነው።

ልብስ ሰፊ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ለአንድ ኮት ሁለት ሱሪ አሰፉ። ኮቱ በየደጃፉ ይንጠለጠላል፣ ሱሪው ግን ቀን ሙሉ ይሠራል። ቀድሞ የሚያልቀው መቀመጫው ነው፤ ስለዚህ ሰፊው ከውስጥ ሌላ ጨርቅ ደርቦ እንዲሰፋበት ንገሩት። ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ደግሞ የሱሪውን የቀኝ እግር ጫፍ ሰንሰለት ይበላበታል፤ በላስቲክ ወይም በማሰሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ ያድርገው።

ጫማ ላይ አትቆጥቡ። ሁለት ጥንድ፣ ሶሉ የተሰፋ እንጂ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ያልሆነ፣ ቀን በቀን እየተቀያየረ የሚደረግ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ከመሄዱ በፊት አንድ ወር እዚህ ይራመድባቸው፤ አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት ያቆሳስላል።

የሸሚዝ አንገት የሚቢጨው በላብ ነው። ማታ ሲያወልቅ አንገቱን በውሃ አርጥቦ ደረቅ ሳሙና ይሸው፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይለቅልቀው። ሳምንቱን ጠብቆ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት ቀለሙን ያደርቀዋል። ነጭና ቀይ አብሮ ከገባ ሁሉም ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል።

ብስክሌት መንዳት ያውቃል፣ የሐዋሳ ልጅ ነው። ችግር አለው?

መንዳቱ አይቸግረውም፤ ሜዳ ላይ ያደገ ነው። የራስ ቁር ግን ግዴታ ነው። ሌላው የመንገዱ አቅጣጫ ነው፦ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በደቡብ አፍሪካና በእንግሊዝ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። የእኛ ሰው ሊሻገር ሲል በልማድ ወደ ግራ ያያል፣ መኪናው በቀኝ ይመጣበታል። በመጀመሪያው ወር ቆም ብሎ ሁለቱንም አቅጣጫ ሁለት ሁለት ጊዜ ይይ።

መዋኘት ይችላል?

አይፈቀድለትም። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቀው። ፊልም፣ ቴሌቪዥን፣ ፍቅረኛ መያዝም አገልግሎቱ እስኪያልቅ የሉም።

ከቤተሰቡ ጋር መቼ ይነጋገራል?

በየሳምንቱ፣ በዝግጅት ቀን። በድሮው ደንብ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚደወለው፤ ከየካቲት 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየሳምንቱ በስልክ ወይም በቪዲዮ ተፈቅዷል። የዝግጅት ቀን በብዙ ቦታ ሰኞ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ቤት የሚጸዳው፣ አስቤዛ የሚገዛው፣ ፀጉር የሚቆረጠው ያን ቀን ነው፤ እስከ አመሻሹ 12 ሰዓት ይቆይና ማታውን ወደ ሥራ ይመለሳሉ።

ሰዓቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ጋና ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እንግሊዝ በክረምታቸው ሦስት፣ በበጋቸው ሁለት። ዩታ ያለ ልጅ ጠዋት በነሱ 10 ሰዓት ላይ ቢደውል እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ እሑድ ማታ ቻርጅ ተደርጎ ይደር፤ ዳታም ይሞላ። ቪዲዮው ከተቆራረጠ ወደ ድምፅ ቀይሩ፤ «ይሰማሃል?» እየተባባሉ ጊዜው እንዳያልቅ።

ስትነጋገሩ የቤቱን ዕዳና የዘመድ ጠብ አታስጀምሩት፤ እሱ ከዚያ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልም። የታመመ ሰው ካለ ግን አትደብቁ፤ በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማ እናንተን ማመን ይተዋል። ምን እንደበላ፣ ባልደረባው ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚተኛ ጠይቁት። መልሱ ባጠረ ቁጥር ጠጋ በሉ።

ቢታመም፣ ወይም ናፍቆት ቢጸናበትስ?

ለሕመም የሚደውልበት ሰው አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚስዮን ፕሬዚዳንቱ ባለቤት ናቸው የሚከታተሉት። እዚህ የሚወስደው መድኃኒት ካለ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ይያዝ፤ ማመልከቻው ላይም አይደብቀው። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ጭንቀት፣ ከዚህ በፊት የነበረ ሕክምና፦ ሁሉም ይጻፍ። የተደበቀ ሕመም ባልታሰበ ሰዓት ይወጣል፤ የተነገረ ግን ሕክምና ቅርብ ወደሆነበት ቦታ እንዲመደብ ሊረዳው ይችላል። ከሐዋሳ የሚሄድ ልጅ ወባን ያውቃል፤ ውጭ አገር ሐኪም ግን ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ሊለው ስለሚችል «የመጣሁት ወባ ካለበት አካባቢ ነው» ብሎ ይናገር።

ናፍቆት አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ ሥራው ሲገባው ይቀላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ አለመብላቱ፣ በማንኛውም ነገር ማልቀሱ ከቀጠለ ግን ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለፕሬዚዳንቱ ይንገር፣ ባለሙያ የሚያማክርበት መንገድ አለ።

አንዳንዱ ጊዜውን ሳይጨርስ ይመለሳል። እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን፦ ታሞ የተመለሰ ልጅ ያሳፈራችሁ ልጅ አይደለም። ጎረቤት «ለምን መጣ?» ሲል «አሞት ነው፣ ደህና ነው» በሉና ወሬውን ዝጉት። ያገለገለው ሦስት ወርም ቢሆን አገልግሎት ነው። ከዳነ በኋላ መመለስ ወይም ቤቱ እያደረ በአካባቢው ማገልገል ይቻላል።

እኛ ወላጆች የሌላ እምነት ተከታዮች ነን። ምን እናድርግ?

ሐዋሳ ውስጥ እናት ገብርኤል የምትስም፣ አባት መካነ ኢየሱስ የሚሄድ፣ ልጅ ሌላ ቦታ የሚያመልክበት ቤት ብርቅ አይደለም። ልጁ ውሳኔውን ከጎረቤት ከምትሰሙ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይንገራችሁ፤ ይህ የእሱ ግዴታ ነው። እናንተ የቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱን ቤት ጠርታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፦ የት ይኖራል? ማን ይጠብቀዋል? ፓስፖርቱ በማን እጅ ይሆናል? ቢታመም ማን ይደውልልናል? ሳያፍሩ መጠየቅ ነው፤ በቂ መልስ የማግኘት መብት አላችሁ። መመረቅ ከፈለጋችሁም በራሳችሁ ወግ መርቁት።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ትምህርቱን እንዴት ያደርጋል?

ዝም ብሎ ጥሎ አይሂድ። ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (ትምህርትን በፈቃድ የማቋረጫ) ፎርም ይሙላ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዝ፣ አንዱን ቤት ያስቀምጥ። መልሶ ለመግባት የሚፈቀደው የጊዜ ገደብ ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ 24 ወር ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ፎርሙን ያልሞላ ተማሪ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ መዝገቡ ላይ ውጤት አልባ ኮርሶች ይቀሩበታል፤ ሲመለስ የሚያለፋው ይኸው ነው።

ሲመለስስ?

የአገልግሎቱ መጨረሻ አውሮፕላኑ ቦሌ ያረፈበት ሰዓት አይደለም። መሪው አነጋግሮ እስኪያሰናብተው ድረስ የሚስዮናዊ ደንብ ይጸናበታል፣ መለያውም ደረቱ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከቦሌ እስከ ሐዋሳ ባለው መንገድ ሁሉ ዘመድ እያስቆመ ድግስ ከመደገስ በፊት ቀጥታ ወደ መሪው ውሰዱት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጠዋቱ 12:30 ላይ ተነስቶ ሳሎን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ ብቻውን ሱቅ ሲላክም ባልደረባውን ፍለጋ ዞር ዞር ይላል። ለጥቂት ሳምንታት ታናሽ ወንድሙ አብሮት ይውጣ።